በአንድ በረንዳ ሁለት በር

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከአናቱ እስከ ጭራው እውነት ነው። ዋሽቼ ከሆነ ባጃጄ አባይ ድልድይ መሀል ላይ፣ ያውም ከኋላዋ ሲኖትራክ እያንባረቀባት፣ ሞተሯ ይጥፋ። የሰፈሬ የሽምብጥ ሰው ይህን ሲያነብ እንደሚስቅ አውቃለሁ። ጉማሬ ከጣና ወጥቶ ባጃጄን በኮንትራት ያዘ ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። እሱ ላይ ትንሽ ጨምሬበታለሁ፤ ጉማሬው የገባው በግማሽ ጎኑ ብቻ ነበር። ይህኛው ላይ ግን የጨመርሁት የለም። ለሽምብጥ ሰው እውነት ስናገር እንደዚህ እንደምቸገር ያወቅሁትም ዛሬ ነው።

ቀኑ ሐምሌ ሠላሳ ነበር፤ በማግሥቱ የፍልሰታ ጾም ይገባል። ይህ ቀን በእኛ ግቢ የገበያ ቀን ማለት ነው። የግቢው ባለቤት መምሬ ገድሉ የግማሽ ሽምብጥ የንስሐ አባት ናቸው፤ በጾሙ ሊቆርብ ያሰበ ሰው ሁሉ ደግሞ ኃጢአቱ ትዝ የሚለው በዋዜማው ነው። ከጧት ጀምሮ በረንዳው ጠርዝ ላይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። ትናንት ገበያ ላይ ተቃቅፈው የተሳሳሙ ጎረቤታሞች ዛሬ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው የቆርቆሮውን ፍሳሽ ያያሉ። ቤቱ አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ነው፤ ከፊቱ በረንዳ አለው፤ በረንዳው ላይ ሁለት በር አለ። የቀኙ የመምሬ ነው። ለውጭው በር የሚቀርበው የግራው ደግሞ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ የልጃቸው የወንጌላዊት የሥራ ክፍል ሆኗል፤ ከበሩ በላይ «የሥነ ልቦና ምክር» የምትል ከዳዊት መጽሐፍ የማትበልጥ ቆርቆሮ ተሰቅላለች። የእኔ ክፍል ከእሷ ክፍል ኋላ ናት። በመካከላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ፣ ከላያችን አንድ የማዳበሪያ ኮርኒስ ነው ያለው። እኔ ሳንኮራፋ እሷ ታውቃለች፤ እሷ ስታዛጋ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ውል አለን፤ ሰው ሲመጣባት ግድግዳውን ሁለቴ ትመታለች፣ እኔ ጫማዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። አንድም ቀን ውሌን አላፈረስሁም። ይህንን ማንም አያምነኝም።

ወንጌላዊት ባንክ ቤት ነበር የምትሠራው፤ መስኮት ላይ ተቀምጣ ገንዘብ ትከፍላለች። ሰው ብር ሊያወጣ ይመጣና ልቡን አውጥቶ ይሄዳል። አንዷ የልጇን ስደት፣ አንዱ የወንድሙን ኩርፊያ እየነገራት፣ ከሌሎቹ መስኮቶች ሁሉ የእሷ ሰልፍ ይረዝማል። አለቃዋ ሰልፈኛው ሲያጉረመርም ሰለቸውና መስኮት የሌለው የጓሮ ክፍል ውስጥ ወረቀት እንድትደረድር አደረጋት። እዚያ የሰው ድምፅ ጠፋባት። ቅዳሜና እሑድ ዩኒቨርሲቲ እየተማረች ቆየችና፣ ምርቃቷ ባለፈ ማግሥት ሥራውን ጥላ ቆርቆሮዋን ሰቀለች። ሰፈሩ «ደመወዟን ጥላ የሰው ለቅሶ ልትሰማ» ብሎ ሳቀ። መምሬ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡምም፤ ዝም አሉ። የእሳቸው ዝምታ ከሌላ ሰው ዱላ ይብሳል። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አንድ ጣራ ሥር እየኖሩ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው።

ደንበኛ እንኳ ብዙ የላትም። አንዱን ሰዓት አራት መቶ ብር ታስከፍላለች፤ ከአጠገቧ አባቷ በነፃ ያናግራሉ። ከብሩ የባሰው ግን ማፈሩ ነው። ያንን በር ሲገባ የታየ ሰው በማግሥቱ «ነካ አድርጎታል አሉ» ይባላል። ስለዚህ ለእሷ የሚመጡትን የማመጣቸው እኔ ነኝ። የባጃጄን የዝናብ ላስቲክ ግራና ቀኝ እጋርዳለሁ፣ በኋላ ማርሽ እስከ በረንዳው ድረስ እገባለሁ፣ ሰውዬው ከወንበሩ አንድ እግሩን አንሥቶ በቀጥታ በሯ ውስጥ ያርፋል። ምን ጭነህ ነው ሲሉኝ ሽንኩርት ነው እላለሁ። ሽምብጥ ላይ ወንጌላዊት ሽንኩርት ማከፋፈል ጀመረች ተብሎ እስከ መወራት ደርሷል፤ ዋጋ ሊጠይቁ የመጡም ነበሩ።

የዚያን ዕለት ዝናቡ ከባድ ስለነበር ሥራ አልወጣሁም፤ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኝቻለሁ። ጧት ሦስት ሰዓት ገደማ የግራው በር ሳይንኳኳ ሲበረገድ፣ ጃንጥላ ሲወድቅ፣ ቀጥሎም የሰው ጉልበት ሲሚንቶ ሲመታ ሰማሁ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አለ የሴት ድምፅ።

«እትየ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለች ወንጌላዊት። «የአባየ በር ቀጥሎ ያለው ነው።»



«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለች ሴትየዋ። ከዚያ ተነፈሰችና፣ «እንግዲህ አንዴ ተንበርክኬያለሁ። በዚህ ጉልበቴ ሁለት ጊዜ አልንበረከክም» አለች።

ግድግዳው ሁለቴ ተመታ። እኔም ጫማዬን አንጠልጥዬ ወጥቼ ባጃጄ ውስጥ ገባሁና ላስቲኩን ጋርጄ ተቀመጥሁ። ስለዚህ ሴትየዋ ምን እንዳለች ዛሬም ድረስ አላውቅም። ማወቅ ፈልጌ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ አለ፤ ግን አላውቅም። በላስቲኩ ቀዳዳ የሚታየኝ የተዘጋው በርና፣ ጀርባ ለጀርባ ከመቆም ወጥቶ ድንገት አንገቱን ያሰገገ ሰልፈኛ ነበር። መምሬም መስቀላቸውን እንደያዙ ወደ በራቸው ብቅ ብለው የሰውን ዓይን ተከትለው ወደ ግራ አዩ። አይተው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ብቅ አሉ።

በሩ ሲከፈት የወጣችው ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ነበረች። ከገበያው በታች ቀለምና ቆርቆሮ የሚሸጠው የአቶ አበራ ሚስት ናት፤ የመምሬም የንስሐ ልጅ። ዓይኗ አብጧል፤ ትከሻዋ ግን ወርዷል፤ ባልዲ ውኃ ተሸክሞ ቆይቶ እንዳወረደ ሰው። በሩ ላይ ቆማ ወንጌላዊትን፣

«ቀኖናዬስ?» አለቻት።

ወንጌላዊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እዚህ እንደዚያ ያለ ነገር እንደሌለ፣ ይህ ንስሐ እንዳልሆነ ልታስረዳት ሞከረች። ሴትየዋ አልተዋጠላትም። ያን ያህል ነገር አውጥታ፣ ስንት ስግደት እንደምትሰግድ፣ ስንት ቀን እንደምትጾም ሳይነገራት እንዴት ባዶ እጇን ትመለስ? ሰልፈኛውም ፈረደላት፤ አንድ ሽማግሌ «እውነቷን ነው» ሲሉ ሰማሁ። ወንጌላዊት ግራ ገባት። ከዚያ አሰብ አድርጋ፣ በየጧቱ ሱቅ ከመክፈትዎ በፊት ብቻዎን ወደ ሐይቁ ይውረዱ፣ ፀሐይ ውኃው ላይ እስክትወጣ ይቀመጡ፣ ምንም አይያዙ፣ ሲመለሱም ምንም አይግዙ፣ ሳምንት በዚህ ቀን ይምጡ አለቻት።

«ቲማቲም እንኳ?»

«ቲማቲም እንኳ።»

«ይሄስ ከስግደት ይከብዳል» አለች ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ አለችና ሳቀች። ሰልፍ ላይ ከነበሩት አንዷ ይቺ ሴት ስትስቅ ካየኋት ስንት ዘመኔ አለች። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ጃንጥላዋን ዘርግታ እስከ መምሬ በር ዘለቀች፤ ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች፤ ግን አልገባችም። ሄደች። መምሬ መስቀሉን እንደዘረጉ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ተራው የደረሰውን ሰው አስገቡ። ያን ጊዜ ፊታቸውን ያየ ሰው ከብታቸውን ሌባ የነዳባቸው ይመስለው ነበር።

ምሳ ላይ ጠሩኝ። ነገ ጾም ስለሆነ በቤቱ የቀረው ቅቤ ሁሉ ወጡ ውስጥ ገብቷል፤ ወንጌላዊት ድስቱን ስታወርድ ሽታው እስከ አስፋልቱ ድረስ ወርዷል። የወንጌላዊት እናት ካረፉ ወዲህ የመምሬ ሳሎን ሳትነካ ነው የኖረችው፤ ግድግዳው ላይ የምሥለ ፍቁር ወልዳ ሥዕል፣ ከሥሩ የወንጌላዊት የባንክ ቤት ፎቶ አለ። የምርቃቷ ፎቶ የለም። ሦስታችን በአንድ መሶብ ቀርበን፣ ክንዷ ክንዳቸውን እየነካ፣

«አምባቸው፣ ወጡ ጨው አንሶታል በላት» አሉ መምሬ።

«ጨው አንሶታል ይላሉ» አልሁ።

«ደም ግፊት እንዳለባቸው አስታውሳቸው» አለች።

«ደም ግፊት አለብዎት ትላለች።»

«ሰምቻለሁ» አሉ።

በዚህ ሥራዬ ላይ አልፎ አልፎ ከራሴ ቀላቅያለሁ፤ አልክድም። እሷ «መድኃኒታቸውን ይዋጡ» ስትል እኔ «መድኃኒትዎን ይዋጡ፣ ያለ እርስዎ ማን አለኝ ትላለች» እላለሁ። እሳቸው «ጃንጥላ ትያዝ» ሲሉ እኔ «ጃንጥላ ያዥ፣ የኔ ዓለም» ብዬ አደርሳለሁ። ሁለቱም ቀና ብለው ያዩኛል እንጂ ውሸታም ብሎ የከሰሰኝ የለም። የዚያን ዕለት ግን የሚቀላቀል ነገር አጣሁ። መምሬ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። እሷም ሰበሰበች። ያንን ሁሉ ቅቤ ብቻዬን ተወጣሁት፤ በቤቱ ኀዘን ላይ የተሳተፍሁት በዚህ መንገድ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ገታ እንዳለ፣ አቶ አበራ መጣ። ወሬው ከሚስቱ ቀድሞ ሱቁ ደርሷል። መልካም ሰው ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጣራው ለሚያፈስበት ደሀ ቆርቆሮ ይሰጣል። ነገር ግን ድምፁ ትልቅ ነው፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ ከዕቃ ጫኝ ጋር የሚነጋገር ይመስላል። የቀረው ሰልፈኛ እያየው በረንዳው ላይ ወጥቶ የመምሬን መስቀል ተሳለመና፣ ሚስቱ ለወይዘሪት ወንጌላዊት የነገረቻትን ማወቅ እንደሚፈልግ ተናገረ። መምሬ ልጄ ምሥጢር ትጠብቃለች ብዬ አስባለሁ አሉት።

«አባቴ፣ ለእርስዎ ብትነግርዎ አንድ ቃል አልጠይቅም» አለ። «ምሥጢረ ንስሐ ነው። ለልጅዎ የተነገረው ግን ምንድን ነው? ሥልጣነ ክህነት የላት፣ መስቀል የላት። የጎረቤት ወሬ ነው። ወሬ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ሰሚ ባልየው መሆን አለበት።»

ነገሩ ሰልፈኛውን አሳመነ። ከአነጋገሩ ጉድለት ልፈልግበት ብሞክር እኔም አጣሁ፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ ወዲያው እይዘው ነበር። ጧት በበራቸው በኩል ያለፈችው ሴት አሁንም እያለፈች እንደሆነ ከዓይናቸው ይታያል። ከዚያ ወደ ግራው በር ዞረው፣ ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እኔ እርዳታ፣

«ወንጌላዊት» አሉ። «ሴትየዋ የንስሐ ልጄ ናት። ምን አለችሽ?»

ወንጌላዊት ወጣች። የበሩን መቃን ይዛለች።

«አልናገርም፣ አባየ።»

«እኔ እኮ አባትሽ ነኝ።»

«አልናገርም።»

አንድ ጃንጥላ ሲታጠፍ ተሰማ። መምሬ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ።

«እንግዲያውስ» አሉ፣ «በቤቴ ውስጥ ከእኔ የሚሸሸግ ነገር የሚቀመጥበት ክፍል የለኝም። ነገ ጧት ቁልፉን አምጪ።»

ወንጌላዊት ገብታ በሩን ዘጋች። ዋና መንገድ ላይ አንድ ክፍል ለመከራየት የሚጠየቀውን እኔ አውቃለሁ፤ ሽንኩርቶቼ ሁሉ በየቀኑ ቢመጡላት አይሸፍነውም። ቁልፉን ካስረከበች የሚቀራት ያ መስኮት የሌለው የባንክ ክፍል ነው፤ ያውም ይቅርታ ጠይቃ ከተቀበሏት። አቶ አበራም ደስ አላለውም። ቃል ፍለጋ መጥቶ ሴት ልጅን ከሥራዋ ማስነቀሉን ሲያይ የሚቆምበት ጠፋው። ዞር ብሎ ያገኘው እኔን ነው፤ ቤቴ አድርሰኝ አለኝ።

ባጃጇን ገና ከግቢው ሳናወጣ ክፍሌ ከግድግዳው ጀርባ መሆኑን እንደሚያውቅ ነገረኝ። የሰማኸውን ንገረኝና ለነዳጅህ የሚሆን እጨምርልሃለሁ አለ። አልሰማሁም ብል እንደማያምነኝ አውቃለሁ። እኔ እውነት ስናገር የሚያምነኝ ሰው ከየት ይመጣል? ስለዚህ የሚታመን ነገር ነገርሁት።

«ጋሽ አበራ፣ እንዳይቀየሙኝ» አልሁ። «ባለቤትዎ የበርበሬውን ነገር ነው ያነሡት።»

«የምን በርበሬ?»

«እናቴ ከማክሰኝት ላከችልኝ እያሉ የሚያበሉዎት በርበሬ። ከማክሰኝት አይደለም አሉ። ስንት ዓመታቸው ነው፣ እዚሁ ወፍጮ ቤት እየገዙ በእናታቸው ጆንያ ነው የሚገለብጡት። እርስዎ "የማክሰኝት በርበሬማ ሌላ ነው" ባሉ ቁጥር ቆሽታቸው ያርራል።»

ጥቂት ሄድን።

«ውሸታም ነህ» አለ።

«ነኝ» አልሁ።

ሌላ ጥቂት ሄድን።

«ከየትኛው ወፍጮ ቤት?» አለ።

እኔ ሳልስቅ እሱ ቀድሞኝ ሳቀ። ያ ትልቅ ድምፁ ባጃጇን አንቀጠቀጣት። ሳቁ ግን መሀል ላይ ተሰበረበትና ሌላ ነገር ሆነ። በመስተዋቴ አየሁት፤ ዓይኑን በካፖርቱ እጅጌ እየጠረገ ነው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ። ሚስቱ እንቅልፍ እንደሌላት፣ ሌሊት እየወጣች አጥር ግቢው ውስጥ እንደምትቆም፣ ምን ሆንሽ ሲላት ምንም እንደምትለው፣ ያ «ምንም» በቤታቸው ውስጥ እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ አብሯቸው እንደሚበላ ነገረኝ። የተናገረችው ነገር አላስፈራኝም፣ አለ፤ ለእኔ አለመናገሯ ነው ያስፈራኝ። ምናልባት ሳናግራት እጮህባት ይሆን እንዴ ብሎ እኔን ጠየቀኝ፤ እየጮኸ።

እኔ ለዚህም የሚሆን ወሬ ነበረኝ። አንደበቴ ላይ ደርሶ ነበር። አላወራሁትም፤ ለምን እንዳላወራሁት አላውቅም። ዝም ብዬ የቤቱን በር አልፌ ነዳሁ። ዘንባባዎቹ ባሉበት መንገድ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ጣና በክረምቱ ጎርፍ ደፍርሷል፣ እንቦጩ ዳር ዳሩን ይዞታል፣ አንድ ሰውዬ ታንኳውን ገልብጦ ውኃውን እያንጠባጠበ ነበር። ዞሬ ተመለስሁ። ሁለተኛ ጊዜም በሩን አለፍሁት። አቶ አበራ ቤቴ እኮ አመለጠህ አላለኝም፤ ያወራ ነበር። በሦስተኛው ዙር በራሱ ጊዜ ዝም ሲል አቆምሁ።

ሲወርድ ያቺ ልጅ ለባልም ትሠራለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ይህን የጠየቀው በትንሽ ድምፅ ነው፤ ትንሽ ድምፅ እንዳለው ያን ጊዜ አወቅሁ። ባለቤትዎ ከፈቀዱ አብራችሁ መምጣት ትችሉ ይሆናል፣ ነገ ግን ክፍሉን ትለቃለች አልሁት። እኔ ነኝ አይደል ያስለቀቅኋት አለ። መልስ ሳይጠብቅ የግቢውን በር ሳይዘጋው ገባ። ለነዳጅ የሚጨመረውንም እኔም ረሳሁት፣ እሱም ረሳው።

ስመለስ ወንጌላዊት ዕቃዋን ትሰበስባለች። የሚሰበሰበው ብዙ አይደለም፤ ሁለት ወንበር፣ አንዲት የግድግዳ ሰዓት፣ የሶፍት ካርቶን፣ ሐይቁ ላይ ያለ የፔሊካን ሥዕል። ቆርቆሮዋን አውርዳ በጋዜጣ ጠቅልላታለች። ምን ሰማህ አለችኝ። ምንም፣ ባጃጅ ውስጥ ነበርሁ አልኋት። አየችኝ፤ አመነችኝ። የሚያምነኝ ሰው ስላገኘሁ ደንግጬ ወንበሩን ጣልሁት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መምሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ያንን ደፍ ከፋሲካ ወዲህ አልረገጡትም። እኔ ወደ ክፍሌ ሾለክሁ። ግድግዳው አልተመታም፤ የመጣው ደንበኛ አይደለማ። ዝናቡም አልነበረም። ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ።

መጀመሪያ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር የትኛው ነው አሉ። ይሄ ነው አለች። ወንበሩ ሲጮህ ሰማሁ፤ ተቀመጡ። የግድግዳዋ ሰዓት ካርቶን ውስጥ ሆና ስትቆጥር ይሰማል።

«ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?» አሉ መምሬ። ምን አለችሽ አላሉም።

«አላውቅም፣ አባየ። ባውቅም አልነግርዎትም።»

«ልጆቿን ያጠመቅሁ እኔ ነኝ። እሷን ያጋባሁ እኔ ነኝ። በደጄ አልፋ...» ብለው ተውት።

ወንጌላዊት ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«ልጅ ሆኜ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ከእርስዎ ዘንድ የሚወጣውን ሰው ፊት እጠብቅ ነበር» አለች። «ሲገባ ሌላ፣ ሲወጣ ሌላ። ውስጥ ምን እንደሚደረግ አላውቅም፤ ግን ሳድግ ይሄንን ነው የምሠራው አልሁዎት። ሳቁ። ለሴት አይሆንም አሉኝ። አልተቀየምሁም። ባንክ ግቢ አሉኝ፣ ገባሁ። ሰዉ እዚያም ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ሌላ በር እስካገኝ ድረስ ነው የዘገየሁት እንጂ ከእርስዎ ቤት አልወጣሁም።»

መምሬ ተነሡ። እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። «ልጄ» አሉ፣ «ዛሬ አበራ ፊት አፍሽን ከፍተሽ ቢሆን ኖሮ ነው ቁልፉን የምቀበልሽ። አባትሽ ተፈታተነሽ፤ አልወደቅሽም። ለእኔ ሥልጣኑን በእጅ ጭነው የሰጡኝ ጳጳስ ናቸው፤ ለአንቺ ዛሬ የሰጠሽ ራሱ ዝምታሽ ነው። እግዚአብሔር ይባርክኪ።» ይህን ሲሉ ደመናው ተገለጠ፣ የሽምብጥ ቅዱስ ሚካኤል ደወልም ያለ ሰዓቱ ደወለ።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ስለማልሁ፣ ባጃጄንም ስለምወዳት፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህ የመጨረሻው ንግግር የእኔ ነው። ሦስት ሌሊት አስቤ የሠራሁት ነው፤ ደወሉን የጨመርሁት ዛሬ ነው። መምሬ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ልጃቸው ስትጨርስ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ የቀኙ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ወንጌላዊትም ትንሽ ቆይታ ካርቶኗን ማሰር ቀጠለች። አብሬያት አለቀስሁ፤ በግድግዳው ማዶ ሆኜ ነው፤ ይህኛው እውነት ነው።

በማግሥቱ ከኪዳን መልስ መምሬ መስኮቴን በመቋሚያቸው አንኳኩና ባጃጅህን አስነሣ አሉኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከዕቃ ቤት ለምነው ያወጡት አንድ ረጅም አሮጌ አግዳሚ ወንበር ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቀናል። እንዴት ባጃጅ ላይ እንደጫንነው ብነግራችሁ ደግሞ ዋሸ ትሉኛላችሁ። ግቢያችን ስንደርስ ጾሙን ሊጀምሩ የመጡ ሰዎች ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ወንጌላዊት ደግሞ ቁልፉን በእጇ ይዛ በሯ ላይ ትጠብቃለች። አግዳሚውን አውርጄ በቀኙ በር አጠገብ፣ ሁልጊዜ ሰው በሚቆምበት ቦታ አስቀመጥሁት። መምሬ በመቋሚያቸው ወደ ግራ ጠቆሙኝ። ገፋሁት። አሁንም ጠቆሙ። ገፋሁት። የአግዳሚው መሀል ከሁለቱ በሮች እኩል ሲሆን በቃ አሉኝ፤ የቆሙትንም ዝናብ ሳይመጣ ተቀመጡ አሏቸው። ቁልፉን አልጠየቁም፤ ገብተው የመጀመሪያውን ሰው ጠሩ።

ባጃጄን ለማውጣት እስከ ውጭው በር ሄጄ ዞር ብዬ አየሁ። ሰዎቹ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጎን ለጎን፣ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ማን ለየትኛው በር እንደመጣ ለመለየት ትንሽ ቆምሁ። የሰፈሩን ወሬ ሁሉ የማውቅ እኔ አልቻልሁም።